የባለምላጩ ቀኝ እጅ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ሱቅ ዝግ። ሰኞ የዕቃዎቹ ቀን ነው።

ብሩሾቹን በለብታ ውኃ አጠብኩ፣ አራገፍኩ፣ ጸጉራቸውን ወደ ታች አድርጌ ሰቀልኳቸው። ቀጥ አድርገህ ካቆምከው ውኃው ወደ ሥሩ ይወርድና ሳይቆይ ጸጉሩ መርገፍ ነው። ይህንን ለቶንዶስ ስንቴ ነገርኩት... በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። ቶንዶስ የሚስቴ ወንድም ነው። ሱቃችን ሁለት ወንበር አለው፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የሱ። ከጸጉር መቁረጫው ቶንዶስ ሌላ ነገር በእጁ ስለማይጨብጥ ስሙን እናቱም ሳትረሳው አትቀርም። እሱ ጸጉር፣ እኔ ጺም። እኔ ባለምላጩ ነኝ።

ከዚያ ምላጮቹ። በእኔ ወንበር አንድ ምላጭ ለሁሉም ፊት አይሠራም። ቋሚ ደንበኛ የሆነ ሰው የራሱ ምላጭ አለው፣ እንደ ሰንጢ የሚታጠፈው ዓይነት፤ መሳቢያዬ ውስጥ በየክፍሉ ተኝቶ ይጠብቀዋል። ሰው የጥርስ ብሩሹን ያዋስ ይሆን? አያውስም። ታዲያ ምላጩን ለምን ያውሳል? አንድ በአንድ አውጥቼ አደረቅኳቸው፣ ስስ ዘይት ቀባኋቸው። የጡረተኛው ዳኛ ምላጭ እጀታው ቀንድ ስለሆነ ለብቻው በጨርቅ አሸሁት። ቀንድ ካኮረፈ ይሰነጠቃል።

ከሰዓት ጋዜጣ ይዤ ቁጭ ብዬ ገጹ ይንኮሻኮሽብኛል። ነፋስ የለም። ለካ ቀኝ አውራ ጣቴ ብቻዋን ትነሣለች፣ ትወድቃለች። ድካም ነው መቼስ። ስንት ዓመት የሠራች ጣት!

ጥቅምት 8

ዛሬም ጣቴ። አሁን ደግሞ ጠቋሚዋን ጨምራ... በሁለቱ መሃል የዳቦ ፍርፋሪ የማድቦለብል እመስላለሁ።

ምላጭ ጉንጭ ላይ ሳሳርፍ ግን ጸጥ ትላለች። እንግዲያው ምን ያስጨንቀኛል?

ሌሊት የሚሠራ አንድ ነርስ መጥቶ ነበር። እሱ ከሥራ ሲወጣ እኛ ገና አልከፈትንም፣ እኛ ስንከፍት እሱ ተኝቷል። ቤቱ ራሱ ሊላጭ ፈልጎ ምን ልግዛ አለኝ። ደስ ብሎኝ ለፈለፍኩ። «ምላጭ የሚቀየርበትን፣ ከበድ ያለውን የብረት መላጫ ግዛ። ክብደቱ ራሱ ይሠራልሃል፤ ያንተ ድርሻ ማጋደሉን ማወቅ ብቻ ነው። ቀላል የላስቲክ ከያዝክ ትጫናለህ። ከተጫንክ ደም ነው።»

«ብሩሽስ?»

«መዳፍህ ላይ ጫን አድርገህ ልቀቀው። ተመልሶ ከቆመ፣ ጸጉርም መዳፍህ ላይ ካልቀረ፣ እሱን ውሰድ።»

«ሳሙናውስ?»

«ሳሙናውን ተወው፣ ውኃውን ጠይቀኝ። በሙቅ ውኃ አርጥበህ ታገስ። ሰው የሚቆረጠው በምላጭ አይደለም፣ በችኮላ ነው።»

ቶንዶስ ከዚያ ማዶ፣ «ጋሼ፣ ሰውየው መላጫ ነው የሚገዛው ወይስ መሬት?» አለ። እኔም ሳቅኩ።

ጥቅምት 13

ቁርስ ላይ የሻይ ስኒው ማስቀመጫው ላይ ተንቀጫቀጨ። ሚስቴ ቀና አለች።

«ምን ሆነሃል?»

«ምን ሆንኩ?»

«ስኒው ይናገራል እኮ።»

«እንግዲያው እሱን ጠይቂው።»

ወትሮ እንዲህ ስላት የምትስቅ ሴት ዛሬ አልሳቀችም። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ። ስኒው ለምን ይመስክርብኛል?

ጥቅምት 21

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ለማንም ሳልናገር። ሐኪሙ ጣቶቼን አጋጭ አለኝ፣ አጋጨሁ። ሂድ ተመለስ አለኝ፣ ሄጄ ተመለስኩ። አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍ አለኝ፤ «ዛሬ አየሩ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ለማንበብ ከሚበቃው በላይ ቆይቶ አየው።

ፓርኪንሰን ይባላል አለኝ።

«የእርስዎ እጅ የሚንቀጠቀጠው ሥራ ሲፈታ ነው። ሥራ ሲይዝ ያርፋል።»

«ባለቤቱን መስሎ ነዋ!» ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«አሁን ነው እንዲህ የሆነው። እየቆየ መዘግየት፣ መገተር ይመጣል። እንደየሰዉ ነው።»

«መድኃኒት የለውም?»

«አለው። ያግዛል። ከሥሩ ግን አይነቅለውም።» ብዕሩን አነሣ። «ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሰው እላጫለሁ።»

«በምን?»

«በምላጭ።»

ብዕሩን መልሶ አስቀመጠው። ሳያውቀው መሰለኝ፣ በእጁ ጉሮሮውን ነካ አደረገ።

ለሚስቴ የደም ግፊት ነው አልኳት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኔ እንኳ መድኃኒቱ ኪሴ ውስጥ ነው... ከሥሩ አይነቅለውም እንጂ። ምን ልበላት ታዲያ? ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ ሌላ ሥራ አላውቅም። ጉልበቴን ቢለኝ፣ ዓይኔን ቢለኝ እሺ... እንዴት ከዚህ ሁሉ አካል እጄን መረጠ?

ጥቅምት 22

ኪኒኑን ዋጥኩ። እጄ አልሰማችም።

ጥቅምት 28

ዳቦ ቤት ያለው ሰውዬ መጣ። አረፋውን ቀባሁት፣ ምላጩን አነሣሁ። በዚያች አንዲት ቅጽበት፣ ምላጩ ከእጄ ተነሥቶ ጉንጩ ላይ ሳያርፍ፣ አየር ላይ ተንቀጠቀጠ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አየሁት። ማንቁርቱ ወጣ፣ ወረደ።

ከዚያ ነካሁት። እጄ ጸጥ። እንደ ወትሮው፣ ከወትሮውም ጥንቅቅ አድርጌ ላጨሁት። አንዲት ጭረት የለም።

ሲጨርስ ተነሣና ኮቱን እየለበሰ፣ «ወንድሜ፣ ምላጬን ልውሰዳት እስቲ... ቤት ልሞክር ብዬ» አለኝ። የእኔን ምላጭ እየሸሸ ቤቱ ራሱ ምላጭ ሊሞክር!

በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት። «ዘይት መቀባቱን እንዳትረሳ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? «አትፍራ፣ ሲነካህ ይቆማል» ብዬ ልከራከር? እንዲህ የሚል ባለምላጭ ቢገጥመኝ እኔስ ቁጭ እላለሁ? ከነአረፋዬ ነበር የምሮጠው።

ኅዳር 3

ዘዴ አገኘሁ!

እጄ የምትከዳኝ ሥራ ስትፈታ አይደል? እንግዲያው አትፈታም። አረፋውን እንደጨረስኩ ምላጩን ይዤ ወደ ቆዳው። ከወንበሬ ጎን የተሰቀለው፣ ምላጭ የማቀናበት ቆዳ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች... ከዚያ ሳላቆም በቀጥታ ወደ ጉንጭ። ጉንጩን ጨርሼ ወደ አገጭ ሳልሄድ እንደገና ወደ ቆዳው። አየር ላይ የምትቆም እጅ የለችም። ዛሬ ማንም አላየም። አንዱማ፣ «ዛሬስ ምላጩን እሳት ልታስነሣው ነው እንዴ?» እያለ አደነቀኝ።

ቶንዶስ ብቻ፣ «ጋሼ፣ ቆዳው ምን በደለህ?» አለኝ።

«አርፈህ ጸጉርህን ከርክም» አልኩት።

ከዚህ ሁሉ ሳምንት በኋላ ዛሬ እያፏጨሁ ገባሁ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ወይ ጉድ።

ሥራ ያስተማሩኝ ሰውዬ መጀመሪያ ያስላጩኝ ፊኛ ነበር። ፊኛውን ነፍተው፣ አረፋ ቀብተው፣ «ሳታፈነዳ ጥረግ። ፊኛ ካልጮኸብህ ሰውም አይጮህብህም» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ሚስቴ ስትወጣ ጠብቄ ፊኛ ገዛሁ። ሻጯ፣ «ለልጅ ልጅዎ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነፋሁ፣ ቀባሁ፣ ላጨሁ። የመጀመሪያው ደህና። ሁለተኛው ደህና። ልቤ ሞቅ አለ። ሦስተኛው ላይ አጋማሹን ጨርሼ ሥራዬን ላደንቅ ምላጩን ቀና አደረግሁ። ማድነቄ ነው ያጠፋኝ... እጄ ሥራ ፈታች። ዷ!

ሚስቴ ለካ ተመልሳለች። በሩን በርግዳ ገባች። እኔ ሽፋሽፍቴ ላይ ሳይቀር አረፋ፣ በአንድ እጄ ምላጭ፣ በሌላው የቀይ ፊኛ ቡትቶ። መጀመሪያ አፏን ያዘች። ከዚያ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ዓይኗ እጄ ላይ አረፈ።

«የደም ግፊት ነው አላልከኝም?»

ነገርኳት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? እጄን ወስዳ በሁለት እጆቿ መሃል ይዛ ቆየች። ቆመች እጄ። ስትለቃት ጀመረች። እንደገና ያዘቻት። ለቀቀቻት። ጀመረች።

«ለወንድሜ ንገረው» አለች።

«አልነግረውም።»

«እንግዲያው እኔ እነግረዋለሁ።»

«ወንድምሽ እንኳን ምስጢር ኮፍያ መያዝ አይችልም።»

«አንተ ደግሞ ምስጢር ትይዝና ስኒ አትይዝም» አለችኝ። እንዲህ ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። አንጀቴን በላችው።

ኅዳር 12

መሳቢያው እየሳሳ ነው። አስተማሪው ምላጩን ወሰደ፤ ጺም ሊያሳድግ ነው። ልብስ ሰፊው ወሰደ፤ ሚስቱ ቤት ተላጭ ብላዋለች። ቆዳውን ብመታም ባልመታም የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ወሬውን በትኩሱ አዳርሶታል። እባብን ያየ በልጥ በረየ። ሁሉም ምክንያታቸው ጥሩ ነው። ሁሉም ሲወስዱ ይቅርታ የሚጠይቁኝ ይመስላሉ፣ እኔም «ችግር የለም» እላለሁ። ችግር ነው እንጂ! ችግር የለም ማለት ምን ማለት ነው?

ቶንዶስ በእኔ ወንበር በኩል ያለውን ወለል ሳልጠይቀው ጠረገ።

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ውሸትም አትችል!»

መጥረጊያውን እንደያዘ ቆመ። «ጋሼ፣ ሰው በዓይኑ ካየ ይመለሳል። እኔ አለሁልህ» አለኝ። ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

መጻፍ አልፈልግም። ግን ካልጻፍኩ የት አደርሰዋለሁ?

ቅዳሜ ነው፣ ሱቁ ሙሉ። አግዳሚው ላይ ቦታ የለም። ሁሉም የቶንዶስ ደንበኛ፤ የእኔ ወንበር ባዶ። ዳኛው ጥግ ላይ ጋዜጣ ይዘው ተራ ሳይኖርባቸው ተራ የሚጠብቁ መስለው ተቀምጠዋል። ምላጫቸውን ያልወሰዱት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ግን እሳቸውም ዛሬ አልተቀመጡም። «ልረፍ ትንሽ» አሉኝ።

ቶንዶስ የያዘውን ሰው ጨረሰ። ሽርጡን አወለቀ። መጥቶ ወንበሬ ላይ ዘፍ አለ።

«ጋሼ፣ ጺሜን አንሣልኝ» አለ፣ ሱቁ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ሙልጭ አድርገህ። ሰለቸኝ።»

ያ ጺም የሱ መታወቂያው ነው። ሲያበጥረው፣ ቅባት ሲቀባው የሚውል ሰው። ገባኝ። ለእኔ ብሎ ነው። ሁሉም ጋዜጣቸውን፣ ስልካቸውን ትተው ተመለከቱ። እምቢ ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?

ርዝመቱን በመቀስ ቀነስኩ። ሙቅ ፎጣ። አረፋ። የራሱ ምላጭ ስለሌለው ለመንገደኛ የማስቀምጠውን የሱቁን አነሣሁ፣ ያንን ሳምንቱን ሙሉ ከቆዳው ላይ ያላወረድኩትን። ዛሬም ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ከዚያ ጉንጩ ላይ። እጄ ጸጥ አለች። ደስ አለኝ፤ በመስታወት ሰዎቹን አየኋቸው፣ ትከሻቸው ወረድ ብሏል። አንዱ እንዲያውም «እጁ ደህና ነው እኮ» ሲል ሰማሁ።

መንጋጋው ሥር ስደርስ ምላጩ ያዝ አደረገኝ። አልሄድ አለ። ተጫንኩ።

ተጫንኩ! እኔ!

ደሙ በነጩ አረፋ ላይ መጣ። ብዙ ነው። አረፋ ላይ ሲሆን ደግሞ ከሆነው በላይ ይበዛል። ቶንዶስ ንቅንቅ አላለም። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ፎጣውን በራሱ እጅ ወስዶ መንጋጋው ሥር አደረገና፣ «ብጉር ነበረችኝ። እነግረዋለሁ ብዬ ረስቼው ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ፣ ለሰዎቹ።

ዳኛው ጋዜጣቸውን አጠፉ፣ ጥንቅቅ አድርገው አጠፉ፣ «በሉ ደህና ዋሉ» ብለው ወጡ። አግዳሚው ላይ የነበሩትም አንድ በአንድ ጉዳይ ትዝ አላቸው።

ቶንዶስ ግማሽ ፊቱ ጺም፣ ግማሹ ደም ሆኖ፣ «ጨርሰው እንጂ ጋሼ» ይለኛል። መታጠቢያው ጋ ሄጄ ጀርባዬን ሰጠሁት። እንባዬን አላየም። አይቶም ይሆናል።

ኅዳር 15

እሑድ። ማንም ሳይኖር ሱቅ ሄድኩ። ምላጩን ወደ መስኮቱ አወጣሁት።

ከራሴ ላይ አንድ ጸጉር ነቅዬ ስሉ ላይ አስጠጋሁ። ደህና ምላጭ ጸጉር ሲነካው ይቆርጠዋል። ይሄ ገፋው። በማጉያ መስታወት አየሁት፤ ስሉ ጎብጧል፣ ወደ አንድ ጎን ተኝቷል። ቆዳ ምላጭን የሚያቀናው በልኩ፣ በቀላል እጅ ሲሆን ነው። ሲያበዙበትና ሲጫኑት መልሶ ያጎብጠዋል። ይህንን ማንም ጀማሪ ያውቃል። እኔ እጄን ልደብቅ ብዬ ምላጩን ገደልኩት።

ስለዚህ እጄ አይደለም የቆረጠው!

ወጥቼ ልንገራቸው? «ምላጩ ነው እንጂ እጄ አይደለም» ልበል? ምላጩን ማን አደነዘው ቢሉኝስ? እጄ። እጄን ማን ደበቃት? እኔ።

ኅዳር 18

ልቤ አላርፍ አለኝ። ምላጩን ድንጋይ ላይ እንደገና ከሥሩ ሳልኩት። ጸጉር አስጠጋሁ፣ ቆረጠ። እንግዲያው ልየው አልኩ፤ የራሴን ጺም።

ጉንጬ ደህና ሄደ። ግን ዝግ እያለ... ሚስቴ ከውጭ «አልጨረስክም?» ትላለች፣ እኔ ገና ጆሮዬ ሥር ነኝ። አረፋው ፊቴ ላይ ደረቀ። እንደገና ቀባሁ። ከንፈሬ በላይ ስደርስ እጄ ቆመች። አልተንቀጠቀጠችም። ቆመች ነው የምለው። ሂጂ እላታለሁ፣ አትሄድም። በመስታወቱ ውስጥ ምላጭ አፍንጫው ሥር ይዞ የቆመ ሰውዬ ያየኛል።

መንቀጥቀጡን ለምጄው ነበር። ይሄኛውን ግን ፈራሁት። በጣም ፈራሁት።

ምላጩን በግራ እጄ ከቀኝ እጄ ላይ ተቀበልኩ። ግማሽ ጺም ይዤ፣ በሻርፕ ተሸፍኜ ሱቅ ሄድኩ። ቶንዶስ አስቀመጠኝና በዚያ በሚያጉረመርም ማሽኑ ጠረገልኝ። ባለምላጩ በቶንዶስ ተላጨ። የባሰ አታምጣ።

ኅዳር 27

ከዘጋን በኋላ ቶንዶስ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ አስተምረኝ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ምላጩን።»

«ወንበሬን ፈልገህ ነው?»

ይህንን አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ መንጋጋው ሥር ያለውን ጠባሳ አየሁት፣ ገና ቀይ ነው። እሱ ግን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ወንበሩ ያንተ ነው» አለኝ። «አንተ ያለህን ነገር ማንም አያውቀውም። እኔ ቆሜ እያየሁ ዝም ብሎ ሲጠፋ... አልቻልኩም።»

ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። አዝራሩን መቆለፍ አቅቶኝ ከፍቼው ሄድኩ።

ኅዳር 28

የጥቅምትን ገጽ ገልጬ አየሁ። ፊደሉ እንዴት ትልቅ ነበር! አሁን የምጽፈው ጉንዳን የተሰለፈ ይመስላል። ትልቅ አድርጌ ልጻፍ እላለሁ፣ መስመሩ መጨረሻ ሳይደርስ ያንሳል። ሐኪሙ ያንን ወረቀት ለምን ቆይቶ እንዳየው አሁን ገባኝ።

ሚስቴ ማታ ያለችኝ፦ «ሙያህን ይዘኸው ልትቀበር ነው?»

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

እሺ አልኩ። ማን ምርጫ ሰጠኝና!

በፊኛ ጀመርን። ቶንዶስ እንደ ጅብ ነው የሚይዘው። ዷ! ዷ! ዷ! የጎን ጎረቤት ብቅ ብላ ልደት የማን ነው ብላ ጠየቀች። «የእኔ» አላት ቶንዶስ፣ «ገና መወለዴ ነው።» ሳልፈልግ ሳቅኩ።

«አትጫን» እለዋለሁ። «ምላጩ ራሱ ይሂድ። አንተ አጋድለው እንጂ አትግፋው። ግራ እጅህ ቆዳውን ይወጥር። ግራ እጅ ነው የሚላጨው፣ ቀኝ ይከተላል።» ላሳየው ምላጩን እቀበለዋለሁ፣ አየር ላይ እንቀጠቀጣለሁ፣ እመልስለታለሁ። በአፍ ብቻ ማስተማር እንዴት ከባድ ነው... እጄ የሚያውቀውን አፌ አያውቀውም። እንዴት ነው የማደርገው? አስቤው አላውቅም።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

ፊኛው አበቃ። ዛሬ ፊት ያስፈልጋል አልኩ። የማን ፊት? ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ሱቁን አይቼው አላውቅም። ጣሪያው እርጥበት አለው ለካ። ሰው ሁሉ ይህንን እያየ ነው የሚላጨው?

ቶንዶስ ቆዳውን ሦስት አራቴ ብቻ መታው፣ እንደ ነገርኩት። እጁ አልቧታል። ትንፋሹ ይሰማኛል። ምላጩ ጉንጬን ሲነካኝ ሁለመናዬ ተኮማተረ፤ ያ ሁሉ ሰው ከእኔ ሥር እንዲህ ሲሆን ኖሯል ማለት ነው። ቀኝ እጄ የወንበሩን መደገፊያ ትደበድባለች። ልይዛት ሞከርኩ። «ተዋት ጋሼ፣ ትጫወት» አለኝ፣ «እኔ የማየው ጉንጭህን ነው።»

«አትጫን።»

«አልተጫንኩም።»

«አፍንጫ ሥር ሲሆን...»

«አውቃለሁ። ጫፉን ቀና አድርጌ።»

አልቆረጠኝም። ፊቴን ዳሰስኩት። ደህና ነው። ከደህናም በላይ ነው።

ይህንን አልነገርኩትም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። እኔ በዕድሜዬ ያገኘሁትን እሱ በጥቂት ሰኞ ሲወስደው ቆሜ... ተቀምጬ አየሁ። ቅናት ነው። በገዛ ተማሪዬ ቀናሁ። ሚስቴ «እንዴት ነበር?» ስትለኝ «ምንም አይልም» አልኳት። ጉንጬን በመዳፏ ዳበሰች።

ታኅሣሥ 29

ቶንዶስ ዛሬ የመጀመሪያ ሰው ላጨ። ልብስ ሰፊው ነው። ምላጩን በወረቀት ጠቅልሎ ይዞት መጣ፣ ዘይት አልነካውም፣ ዝጎ። ሁለት ሰዓት ያህል አሸሁት።

ጥር 6

አሁን ሥራዬ አረፋ ነው።

ብሩሹን ሳዞረው እጄ አትከዳኝም፤ መዞር ትወዳለች። ሙቅ ፎጣውን አደርጋለሁ፣ ጺሙን አረጥባለሁ፣ አረፋውን አስነሣለሁ፣ ከዚያ ገለል። ቶንዶስ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ጥግ ላይ መቆም ነው። በኪሴ ውስጥ እጄን ከትቼ እቆማለሁ፣ ኪሴ ይንቀጠቀጣል።

ዛሬ ዳኛው መጡ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ረግጠውን አያውቁም። ነጭ ጺማቸው ጉንጫቸውን ውጦታል። በሩ ላይ ቆመው ሁለቱን ወንበሮች አዩ። ከዚያ መጥተው የእኔ ላይ ተቀመጡ።

«ምላጬ አለች?» አሉ።

«የት ትሄዳለች?» አልኳቸው።

ጺማቸውን ቶንዶስ በመቀስ አሳጠረ። እኔ ፎጣውን አደረግሁ፣ አረፋውን ቀባሁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገለል አልኩ። ቶንዶስ ባለቀንዷን ምላጭ አነሣ፣ በግራ እጁ ቆዳቸውን ወጠረ፣ አጋደለ፣ ለቀቀው። አልተጫነም። ያ ድምፅ ይሰማኛል፣ ደህና ምላጭ በረጠበ ጺም ላይ ሲሄድ ያለው ድምፅ። ከንፈራቸው በላይ ጫፉን ቀና አደረገ። መንጋጋቸው ሥር ዝግ አለ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ በልቤ አብሬው እላጫለሁ፣ ግራ እጄ ሳላውቀው አየር ላይ ትወጥራለች።

ጨረሰ። ቀዝቃዛ ፎጣ አደረገላቸው። ዳኛው ዓይናቸውን ሳይገልጡ በእጃቸው ጀርባ ጉንጫቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ዳሰሱት። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«እጅህ ይባረክ» አሉ።

«አሜን!» አልኩ።

ከጥግ። ጮክ ብዬ። ከአፌ ነው የወጣው፣ እኔ አላልኩትም፤ ይህንን ምርቃት ሲቀበል የኖረ የስንት ዓመት አፍ ነው።

ቶንዶስ አፉን ከፍቶ ነበር። መልሶ ዘጋው። አሜን አላለም፤ ለእኔ ተወው። ዳኛው ዓይናቸውን ገለጡ፣ በመስታወቱ መጀመሪያ ቶንዶስን፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

ዘወር ብዬ ቧንቧውን ከፈትኩት። የሚታጠብ ነገር አልነበረም።